ከጦር ሰፈር ወደ ሊብሬ፦ የቀድሞ ወታደራዊ መኪና ስለማስመዝገብ በሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዋዝ የሚባለውን የሩሲያ ወታደራዊ ጂፕ የሚነዳ ሰው ጥያቄ አያጣም። ነዳጅ ማደያ ስቆም፣ ጎማ ቤት ስቆም፣ ገበያ ዳር ስቆም አንድ ሰው ቀረብ ይልና «ይቺን እንዴት በስምህ አዞርካት?» ይለኛል። አንዱ ግቢው ውስጥ ከአባቱ የቀረ ዚል የጭነት መኪና አለው። ሌላው ሐራጅ ሊገባ አስቧል። ሌላው ደግሞ ገንዘቡን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ወረቀት መፈለግ የጀመረው። ከሁሉም የማዝነው ለዚህ ለሦስተኛው ነው። እኔም በዚያው መንገድ አልፌያለሁ። ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

የወታደር መኪና በግለሰብ ስም ማስመዝገብ ይቻላል?

ይቻላል። ግን ሁለት ነገር መሟላት አለበት። አንደኛ፣ መኪናው ከሠራዊቱ በሕጋዊ መንገድ የወጣ መሆን አለበት። ተሸጦ ወይም ተወግዶ፣ ከንብረት መዝገብ ተሰርዞ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ለመንገድ የሚሆን ተራ መኪና መሆን አለበት። ጂፕ፣ የጭነት መኪና፣ የውኃ ቦቴ የመሳሰለው። ብረት ለበስ፣ በሰንሰለት የሚሄድ ወይም የመሣሪያ መቀመጫ የተበየደበት ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ተዉት።

በአገራችን ተሽከርካሪ የሚመዘገበውና የሚመረመረው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ነው። ለዋዝ ወይም ለኡራል የጭነት መኪና ተብሎ የተከፈተ ልዩ በር የለም። ለቪትዝ የሚጠየቀው ለዋዝም ይጠየቃል። ማንነቱ ይታወቃል፣ ባለቤቱ ይታወቃል፣ ይመረመራል፣ ከዚያ ሰሌዳ ይሰጠዋል። ልዩነቱ ቪትዟ ከነወረቀቷ መምጣቷ ነው። የዋዙን ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ እናንተው ናችሁ ፈልጋችሁ የምታገኙት።

እኛ አካባቢ የሚገኙት የትኞቹ ናቸው?

እኔን የሚጠይቁኝ ሰዎች በአብዛኛው ዋዝ፣ ጋዝ 66፣ ዚል 131፣ ኡራል ወይም ኢፋ ነው የያዙት። አልፎ አልፎ ዊሊስ ጂፕ የያዘ ይመጣል። የአሜሪካኖቹ የንጉሡ ዘመን ናቸው፤ የሩሲያና የምሥራቅ ጀርመኖቹ የደርግ ዘመን። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ። መኪናውም እንደ ሰዉ ተበተነ። ዛሬ የምናየው የወረቀት ጣጣ ብዙው ከዚያ ጊዜ የመጣ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደምትገዙ እወቁ። ዋዝ 469 ከኡሊያኖቭስክ ፋብሪካ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1972 ጀምሮ የወጣ ነው። ሞተሩ 2.4 ሊትር ቤንዚን ነው፤ ጉልበቱ 75 ፈረስ ገደማ። ቀላል ነው፣ በመዶሻና በመፍቻ ይጠገናል። ዚል 131 ግን ስምንት ሲሊንደር ያለው የቤንዚን መኪና ነው። ለ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ያህል ይጠጣል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ደርሶ መልሱን አስሉት። ኡራል 375ም ቤንዚን ነው፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። ኡራል 4320 ናፍታ ነው። ለጭነት ሥራ የሚያስብ ሰው ወደ ናፍታው ቢያይ ይሻለዋል።

ምን ምን ወረቀት ይዤ ልሂድ?

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ። ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ መኪናው ከሠራዊቱ እንዴት እንደወጣ የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል። በሐራጅ የተገዛ ከሆነ የአሸናፊነት ደብዳቤ፣ የሽያጭ ውል፣ ገንዘብ የከፈላችሁበት ደረሰኝና የርክክብ ሰነድ ይኖራል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አሠራር ንብረት ገቢ የሚሆነው በሞዴል 19 ነው፤ ወጪ የሚሆነው በሞዴል 22። ስለዚህ «ወጪ የሆነበት ሰነድ ይሰጠኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ የመኪናው ዓይነት፣ የተሠራበት ዘመን፣ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር በግልጽ መጻፍ አለበት። «አንድ አሮጌ ዋዝ ተሽጦላቸዋል» የሚል ደብዳቤ ማኅተም ቢኖረውም አይረባችሁም። የትኛው ዋዝ እንደሆነ አይናገርምና።

ቀጥሎ የቀረጥ ነገር አለ። ሠራዊቱ መኪና የሚያስገባው ለራሱ ሥራ ነው። ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ ያ መብት ወደሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክስ ይከፈልበታል። ይህ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ያለ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ ቀረጡ በማን ነው? ሻጩ መሥሪያ ቤት ነው የሚከፍለው ወይስ ገዢው? መልሱን በአፍ አትቀበሉ። በጽሑፍ ይሁን። በርካሽ ገዛሁ ያለ ሰው የቀረጡን ሒሳብ ሲያይ የደነገጠበትን ቀን አይቻለሁ።

ከዚያ ነባሩ ወታደራዊ ሰሌዳ መመለሱን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ሰሌዳው የሠራዊቱ ነው፣ ከመኪናው ጋር አይሸጥም። አሁንም መኪናው ላይ ካለ አትንኩት፣ አትደብቁት፣ ለማስታወሻ ብላችሁ ግድግዳ ላይ አትስቀሉት። በደብዳቤ አስረክቡና መቀበያ ያዙ።

የራሳችሁ የሆነው ቀላል ነው። መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በሌላ ሰው ስም የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ በውልና ማስረጃ የጸደቀ ውክልና። የተሽከርካሪ ጉዳይ መሆኑን በግልጽ የሚጠቅስ ውክልና ይሁን። ጥቅል ውክልና ይዛችሁ ሄዳችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

እኔ ስሄድ ከርክክብ ሰነዱ በቀር ሁሉም በእጄ ነበር። መኪናዋን በተረከብኩ ቀን ቸኩዬ ሳልቀበል የወጣሁት እሱን ነው። ለእሱ አንድ ወረቀት ሁለት ወር ተመላለስኩ። የሚያውቀው ሠራተኛ ተቀይሯል፣ ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው፣ ነገ ና። በዚያን ቀን አሥር ደቂቃ ታግሼ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እናንተ መኪናውን ከግቢው ከማስወጣታችሁ በፊት በር ላይ ቆማችሁ ወረቀቱን ቁጠሩ።

ሁሉንም ኮፒ አድርጉ፤ ዋናውን ግን ላሚኔት አታስደርጉ። ማኅተሙን በእጃቸው ዳስሰው ማየት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ።

ሐራጅ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

በሐራጅ የሚሸጥ መኪና «ባለበት ሁኔታ» ነው የሚሸጠው። ገዝታችሁ ካወጣችሁ በኋላ ካምቢዮው ተሰብሯል ብትሉ ሰሚ የለም። ማየት በሚፈቀድበት ቀን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። የሽቦ ብሩሽና ባትሪ መብራት ያዙ።

ከሞተሩ በፊት ግን የሽያጭ ማስታወቂያውን አንብቡ። መኪናው የሚሸጠው በተሽከርካሪነት ነው ወይስ በቁርጥራጭ ብረትነት? ይህች አንዲት ቃል ሁሉን ትወስናለች። በቁርጥራጭ ብረትነት የተሸጠ መኪና ላይ ሊብሬ አወጣለሁ ብላችሁ አትነሱ። ለመለዋወጫ ከሆነ ግን ግዙት፣ ይጠቅማል።

ከግለሰብ ነው የገዛሁት። ሻጩም ከሌላ ሰው ነው የገዛው። ምን ላድርግ?

ሰንሰለቱን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ከእናንተ ወደ ሻጩ፣ ከሻጩ ወደ ቀድሞው ሻጭ፣ እያለ ከሠራዊቱ መዝገብ እስከወጣበት ቀን ድረስ። እያንዳንዱ ቀለበት ወረቀት ያስፈልገዋል። አንዱ ከጠፋ ሰንሰለቱ እዚያ ላይ ተበጠሰ ማለት ነው።

የአጎቴን ነገር ልንገራችሁ። መንዝ ውስጥ ዋዝ ገዛ። ውሉ በደብተር ወረቀት ላይ ነበር፤ ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል። ሰዎቹ ሁሉ ታማኞች ናቸው፣ ማንም ማንንም አላታለለም። አጎቴም ለዓመታት በእርሻው ላይ ብቻ ስለሚነዳት ሰሌዳ ትዝ አላለውም። ሻጩ አረፈ። አጎቴ ወደ ከተማ ሊያመጣት ሲፈልግ ያ የደብተር ወረቀት አላስኬደውም። የሟች ልጆች መጀመሪያ ወራሽነታቸውን በፍርድ ቤት አረጋገጡ። ከዚያ እንደገና በውልና ማስረጃ ሸጡለት። ልጆቹ ደጎች ባይሆኑ ኖሮ መኪናዋ ዛሬም ሣር በቅሎባት ነበር።

ስለዚህ ሻጩ በሕይወት እያለና ስትጠሩት እየመጣ ውሉን በውልና ማስረጃ አስመዝግቡ። ያገባ ከሆነ ባለቤቱም ትፈርም። ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ንብረት በአንዱ ፊርማ ብቻ ሲሸጥ ነገ ክርክር ያመጣል።

ሰንሰለቱ ፈጽሞ የማይገኝ ከሆነስ? ማለትም መኪናው ከሠራዊቱ እንዴት እንደወጣ የሚያሳይ አንድም ነገር ከሌለ? አትግዙት። በእጃችሁ ያለም ከሆነ ጠበቃ ሳታማክሩ ወደ መንገድ አታውጡት። እንዲህ ያለ መኪና የመንግሥት ንብረት ነው ሊባል ይችላል። የሚያከራክረው ሰሌዳው ሳይሆን መኪናው ራሱ ይሆናል።

የሻንሲ ቁጥሩን አላገኘሁትም። አግኝቼውም ማንበብ አቃተኝ።

በመጀመሪያ ጭቃውን አጽዱ። ቁጥሩ ሻንሲው ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛል። አርባ ዓመት የተጠራቀመ ጭቃና ግሪስ ከላዩ አለ፤ አንዳንዴም ሦስት ዙር ቀለም። በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። በመፋቂያ ዲስክ እንዳትነኩት፣ ቁጥሩን ይበላዋል። ከሻንሲው ሌላ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች፤ እሷ ላይም ቁጥር አለ። ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ወደማያስበው ነገር ልምጣ። የሩሲያ መኪና ቁጥር ውስጥ የሩሲያ ፊደላት ሊኖሩ ይችላሉ። ከእንግሊዝኛ ፊደል ጋር ይመሳሰላሉ፤ ግን አይደሉም። ፒ የሚመስለው በሩሲያኛ አር ነው። ሲ የሚመስለው ኤስ ነው። ኤች የሚመስለው ኤን ነው። ቢ የሚመስለው ቪ ነው። አንዱ ጸሐፊ እንዳየው ይጽፈዋል፣ ሌላው ተርጉሞ ይጽፈዋል። ከዚያ የሐራጅ ደብዳቤው ሌላ፣ የጉምሩኩ ሌላ፣ የምርመራው ሌላ ይሆናል። «ቁጥሩ አይመሳሰልም» ይባልና ፋይላችሁ ይቆማል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዲሄድ ማድረግ ነው። የቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ አትሙት፣ ከፋይሉ ጋር አያይዙት። የእኔ ጉዳይ አንድ ጊዜ የዳነው በዚያች ፎቶ ነው።

የቁጥሩ ማጠር አያስደንግጣችሁ። የዛሬ መኪኖች 17 አሃዝና ፊደል አላቸው። ያ አሠራር ከመስፋፋቱ በፊት የተሠሩ መኪኖች ግን አጭር ቁጥር ነው ያላቸው። ጎደለ ብላችሁ ዜሮ አትጨምሩበት።

ቁጥሩ በዝገት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ በራሳችሁ አታስመቱ። ጋራዥ ውስጥ «እኔ እመታልሃለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ ወንጀል ነው፤ ሕጋዊውን መኪና የተሰረቀ ያስመስለዋል። ለመዝጋቢው አካል በጽሑፍ አመልክቱ።

ሞተሩ ተቀይሯል። ችግር አለው?

ከተመዘገበ ችግር የለውም። ዋዝ ላይ የቶዮታ ናፍታ ሞተር የገጠመ ሰው አውቃለሁ፣ ጥሩ ይሄዳል። ግን የሞተሩ መግዣ ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ ሞተሩ የመጣበት መኪና ማስረጃም እንዲሁ። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር፣ የነዳጅ ዓይነትና የፈረስ ጉልበት ይጻፋል። ሦስቱም ስለሚለወጡ ከምዝገባው በፊት ገጥማችሁ ጨርሱ። ካልሆነ ሁለት ጊዜ ትመላለሳላችሁ።

ቀለሙን መቀየር አለብኝ?

አዎ። ያለማመንታት።

የወታደር አረንጓዴውን ወይም ዥንጉርጉሩን ቀለም አጥፉት። ኮከቡን፣ የክፍል ቁጥሩን፣ በር ላይ የተጻፈውን ሁሉ ከሥሩ ፍቁ። ከላይ መቀባት ብቻ አይበቃም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ቁጥሩ ብቅ ይላል። የሬዲዮ አንቴና መያዣውን አንሱ። ለጨለማ ጉዞ የተሠራውን የመብራት መሸፈኛ አውጡ። የመሣሪያ ማንጠልጠያ ካለ ቆርጣችሁ ጣሉ።

ይህን የምለው ለውበት ብዬ አይደለም። ያለንበትን ጊዜ ታውቃላችሁ። ኬላ ላይ የቆመ ሰው በሩቅ የሚያየው ቅርጽና ቀለም ነው፤ ሊብሬያችሁን የሚያየው ከቀረባችሁ በኋላ ነው። መኪናው ውስጥ ቤተሰብ አለ። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ የፈለጋችሁትን ቀቡ፤ ብቻ በሩቅ የሲቪል መኪና ይምሰል። የእኔዋ ነጭና ሰማያዊ ናት። አንዳንድ ወዳጆቼ «ታሪኳን አጠፋህባት» ይሉኛል። ፎቶዋ አልበም ውስጥ አለ፣ ይበቃል።

ቀለም ሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ ቅቡን የምታስጨርሱት ከምርመራ በፊት ይሁን።

ምርመራው ላይ ምን ይታያል?

እንደማንኛውም መኪና ነው። ፍሬን፣ የእጅ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ የፊት መብራት፣ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ ስፖኪዮ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ጭስ። ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ያዙ።

የወታደር መኪና ላይ ለየት የሚሉ ነገሮች አሉ። ዋዝ የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎቹን አይደለም የሚይዘው። ከካምቢዮው በስተኋላ ያለችን ከበሮ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የካርዳኑ (ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) መስቀል ከተሰበረ ወይም ዘይት ከበሮው ላይ ከፈሰሰ፣ የቱንም ያህል ብትስቡት አይዝም። የእኔዋ በመጀመሪያ ምርመራ የወደቀችው በዚህ ነው። የዘይት መዝጊያ ጎማ ተቀየረና አለፈች።

ኡራል የያዛችሁ ደግሞ ለመርማሪው አስቀድማችሁ ንገሩት። ኡራል ሁሉም አክስሎቹ ሁልጊዜ ይጎትታሉ። የፍሬን መፈተሻ ሮለር ላይ አንዱን አክስል ብቻ አውጥቶ መፈተሽ መኪናውን ሊያዘልለው ይችላል። ዋዝ ላይ የፊት ጉትቻውን አላቃችሁ ግቡ።

አምፖል ስትገዙ ቮልቱን እዩ። ዋዝና ዚል 12 ቮልት ናቸው። ኡራል 4320ና ብዙዎቹ የአሜሪካን ወታደራዊ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው። በምርመራው ቀን ጠዋት የተቃጠለ አምፖል ይዞ መሯሯጥ ያናድዳል።

መኪናዬ ደብረ ብርሃን ላይ ጥቁር ጭስ ታወጣለች። አዲስ ሞተር ያስፈልጋታል?

ላያስፈልጋት ይችላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ካርቡራተሩ ለቆላ አየር የተስተካከለ ከሆነ ቤንዚኑ ይበዛና ይጨሳል። በዚህ ከፍታ ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። 75 ፈረስ የነበረው ወደ 55 ይወርዳል ማለት ነው። ድብልቁን አስተካክሉ፣ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ ካንዴላ ቀይሩ። ከዚያ በኋላም ከጨሰ ሞተሩ ይታይ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ለምርመራ ማልዳችሁ የምትወጡ ከሆነ ራዲያተር ውስጥ ንጹሕ ውኃ ብቻ አታሳድሩ። ውርጩ የሞተር ብሎክ ሊሰነጥቅ ይችላል። የበረዶ መከላከያ ጨምሩበት፣ አለዚያ ማታ ማታ አፍስሱት።

ምርመራውን ካለፈች ወደ ሸዋ ሮቢት መውረድ እችላለሁ?

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አንድ ወጣት ብቻ ነው። ግን ሁላችሁም እንድታነቡት እፈልጋለሁ።

የምርመራ ጣቢያ ሜዳ ላይ ነው። ጣርማበር ሜዳ አይደለም። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፋችሁ ስትወጡ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ይህን ሁሉ ቁልቁለት የምትወርዱት በዚያ ጠመዝማዛ ነው። ዋዝ በአራቱም ጎማ የከበሮ ፍሬን ነው ያለው። ከበሮ ሲግል ፍሬን ይከዳል። የድሮዎቹ ዋዞች ደግሞ የፍሬን ዘይት መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንዲት ጎማ ላይ ያለች ቱቦ ከፈነዳች አራቱም ጎማ ፍሬን አጣ ማለት ነው።

እኔ ከዋሻው በታች ፔዳሉ ወለል የነካበትን ቀን አልረሳውም። ከጎኔ እናቴ ነበረች። በሁለተኛ ማርሽ ላይ ስለነበርኩ ሞተሩ ያዘልኝ። ጥግ ይዤ ድንጋይ አስደገፍኳት። እናቴ ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን ብቻ አስተካከለች። በማግሥቱ ቱቦዎቹን ሁሉ ቀየርኩ።

የፍሬን ቱቦ በዓይን ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አርጅቷል። ሁሉንም ቀይሩ። የፍሬን ዘይቱን አፍስሳችሁ አዲስ ሙሉ። ሸራውን እዩ። ጋራዥ ውስጥ «ይሄ ገና ብዙ ይሠራል» ቢሏችሁም እሺ አትበሉ። ስትወርዱ ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፤ በዜሮ ማርሽ አትልቀቁ። ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ የሚለቁ አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ሰሜን ሸዋ ነኝ። የትኛው መሥሪያ ቤት ልሂድ?

ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉ። አንዱ በአማራ ክልል ነው፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን። ሌላው በኦሮሚያ ክልል ነው፣ መቀመጫው ፍቼ። ደነባ፣ እነዋሪ፣ መሐል ሜዳ ወይም አጣዬ ያላችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ታያላችሁ። ገብረ ጉራቻ ያለ ሰው ወደ ፍቼ። የመኪና ፋይል የሚቀመጠው በተመዘገበበት ቦታ ነው። መኪናው አዲስ አበባ ወይም ሌላ ክልል ተመዝግቦ ከነበረ ፋይሉ በደብዳቤ እንዲዛወር ትጠይቃላችሁ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀድማችሁ ጀምሩት።

ኮድ ስንት ይሰጠኛል?

ለግል መገልገያ ከሆነ ኮድ 2፣ ለንግድ ሥራ ከሆነ ኮድ 3። የጭነት ሥራ እየሠራችሁ በኮድ 2 መንዳት ያስቀጣል።

መድን የሚሸጥልኝ አለ?

የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005። ያለ እሱ መኪናው መንገድ ላይ መታየት የለበትም። ይህን ለመግዛት የመኪናው ማርጀት አያስቸግርም። የመኪናውን የራሱን ጉዳት የሚሸፍን መድን ግን ለአሮጌ መኪና በቀላሉ አይገኝም። ኩባንያዎቹ የመለዋወጫውን ነገር ስለሚፈሩ ነው፣ አልፈርድባቸውም።

ተራ መንጃ ፈቃድ ይበቃኛል?

ለዋዝ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ለዚልና ለኡራል የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጦር ሠራዊት ውስጥ ሃያ ዓመት ኡራል የነዳ ሰው ቢሆንም በእጁ የሲቪል መንጃ ፈቃድ መኖር አለበት። ካሶኒው ላይ የወታደር አግዳሚ ወንበር አለ ብላችሁ ደግሞ ሰው አትጫኑ። የተመዘገበው ለጭነት ነው።

እስኪመዘገብ ድረስ እየነዳሁ ልቆይ?

አይሆንም። ከገዛችሁበት ቦታ በጭነት መኪና አስጭናችሁ ውሰዱት። ወይም ተላላፊ ሰሌዳና መድን አውጡለት። የወዳጅ መኪና ሰሌዳ ተውሶ መለጠፍ ወንጀል ነው። በሌሊት እወስደዋለሁ የሚለውም በወታደር ቀለም ከሆነ ከሁሉም የከፋ ነው።

ደላላ «በሁለት ሳምንት ሊብሬ አወጣልሃለሁ» አለኝ።

ከየት ነው የሚያወጣው? ይህን ጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ የሞተ ዋዝ ሊብሬ ነው። ከዚያ የእናንተን መኪና ቁጥር በዚያ ሊብሬ ቁጥር ይቀይራል። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ መኪናው ሐሰተኛ ሆነ። አንድ ቀን ምርመራ ላይ ወይም አደጋ ሲደርስ ይወጣል። ያን ጊዜ ደላላው ስልኩን ያጠፋል።

መለዋወጫ ይገኛል?

ይገኛል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ታግሳችሁ ዙሩ። አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በስም ብቻ ብትጠይቁ የማይሆን ይሰጧችኋል። ለመለዋወጫ የሚሆን ሁለተኛ መኪና በቁርጥራጭ ዋጋ መግዛትም ያዋጣል።

ነገ ልሸጠው ብፈልግስ?

እንደማንኛውም መኪና ይሸጣል። ቦሎው ያለፈበት ከሆነ አሳድሱ፣ የመንገድ ቅጣት ካለ ክፈሉ፣ ውሉን በውልና ማስረጃ ጨርሱ። ከሐራጅ ጀምሮ ያለውን ፋይል ሙሉውን ለገዢው ስጡት፣ ኮፒውን ለራሳችሁ አስቀሩ። ገዢው ስሙን እስኪያዞር ድረስ መኪናው የሚታወቀው በእናንተ ስም ነው። አደጋ ቢያደርስ መጀመሪያ የሚጠሩት እናንተን ነው። ስለዚህ ቀን ቀጥራችሁ ስም ማዞሪያው ጋ አብራችሁ ሂዱ። አዲሱ ሊብሬ በእጁ ሲገባ አይታችሁ ተመለሱ።